የሰይድ የላቲን ደብተር

የሰይድን ሞት የነገረኝ ሰው ለመርዶ የሚሆን ፊት እንኳ አላዘጋጀም። ስኳር ሊገዛ ሰኞ ገበያ ወርዶ ሲመለስ ደጄ ላይ ቆም አለና፣ «ያ ባልደረባህ፣ ላቲኑ፣ ትናንት አለፈ፤ አሥር ሰዓት ላይ ቀብረውታል» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ። የወረባቦ ተወላጅ፣ አባቱ ሸህ፣ አያቱ ሸህ፣ ዕድሜውን በደሴ የጨረሰ ሰው «ላቲኑ» ተብሎ ሞተ። ይህ ስም እንዲህ ተጣብቆበት እንደሚቀር ነግሬው ነበር። ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ ሳይሆን ንዴት ነው። በሕይወቱ ሳለ በቀን ሦስት ጊዜ ያናድደኝ ነበር፤ ሞቶም አልተወኝም። ልነግረው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበረኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ዛሬ እላለሁ ነገ እላለሁ ስል የኖርኩት ነገር ነው። የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ የተናደድኩት ግን በእሱ ነው፤ ምን አስቸኮለው?

የተገናኘነው ጣሊያን ደሴን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ግድም ነው። ያን ጊዜ የጣሊያኖቹ መሥሪያ ቤት የጣሊያንኛ ግልባጭ ያልተያያዘበትን አቤቱታ አልቀበልም አለ። እኔ የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ፤ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ ወጥቻለሁ፤ ግን የእጄ ጽሑፍ የሚነበብ ስለሆነ ለሰው አቤቱታ እጽፍ ነበር፣ የዘመን አቆጣጠሩንም፣ ባሕረ ሐሳቡን፣ ተምሬያለሁ፤ ጾምና በዓል በጣቴ ቆጥሬ አወጣለሁ። ጣሊያንኛ ግን ከየት ላምጣ? ሰይድን ያመጡልኝ ሰዎች «ሰባት ቋንቋ ያውቃል» አሉኝ። ያውቃል እንኳ ቢባል አራት ነው። በልጅነቱ ለንግድ በአሰብ በኩል ወደ ኤደን ተሻግሮ፣ እዚያ አንድ እንግሊዛዊ ጠበቃ ዘንድ ወረቀት ገልባጭ ሆኖ አሥር ዓመት ሠርቷል። ጣሊያንኛውን ሲመለስ አሰብ ላይ ለቃቅሞታል። ሰኞ ገበያ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛችንን ዘረጋን፤ ሁለት ወንበር ለእኛ፣ አንድ ዱካ ለባለጉዳይ። አማርኛውን እኔ እጽፋለሁ፣ ጣሊያንኛውን እሱ። በማግስቱ ደብተሩን አወጣ።

የደብተሩን ታሪክ ሳልወድ በግዴ መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። የኤደኑ ጠበቃ ወረቀት በላቲን ቃል የተሞላ ነበር፤ እንግሊዞች ሲጽፉ፣ በተለይ የፍርድ ነገር ሲሆን፣ ያለ ላቲን አይሆንላቸውም። ሰይድ ቃሉን እያየ እንደ ሥዕል ይገለብጥ ነበር። አንድ ቀን ጠበቃው ጠርቶ፣ የማታውቀውን ቃል በእጅህ አትጻፍ፣ እንደ ማኅተም ትመታዋለህ እንጂ አታውቀውም ብሎ ተቆጣው። ከዚያ ወዲህ ሰይድ ያገኘውን ቃል ሁሉ በደብተር መመዝገብ ጀመረ። ገጹን በአራት ይከፍለዋል። በመጀመሪያው ዓምድ ቃሉን፣ በሁለተኛው ሮማውያን ምን ይሉበት እንደነበር፣ በሦስተኛው እንግሊዞች ዛሬ ምን እንደሚሉበት ይጽፋል። አራተኛው ዓምድ የእኔን ጨጓራ የላጠው ነው፤ ቃሉ የገጠመለትን ሰው ስም፣ ነገሩን፣ ቀኑን ከነዕለቱ ያሰፍርበታል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው። ቃል ባለቤት ካላገኘ ነፋስ ነው ይላል። እናም ባለቤት ፍለጋ ባለጉዳዮቻችንን ያስቸግራል።

አንድ ቀን ከኩታበር አንዲት እናት መጡ። ጎረቤታቸው በሬያቸውን አውጥቶ ሸጦ፣ በምትኩ የራሱን ከሲታ በሬ በረታቸው ውስጥ አስሮላቸዋል። እኔ ብዕሬን ነክሬ ተዘጋጅቻለሁ፤ ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። ሰይድ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ። ቆቡን ወደ ኋላ ከገፋ ነገር አለቀ ማለት ነው። «እናቴ፣ ይኼ የእርስዎ ጉዳይ ኩዊድ ፕሮ ኩዎ ይባላል» አላቸው። ለሮማውያን አንዱን ነገር በሌላው መተካት ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን እንግሊዞች ውለታ በውለታ፣ ይህን ስጠኝና ያንን ልስጥህ ይሉበታል፤ ስለዚህ የእርስዎ በሬ ለጥንቱ ትርጉም ይስማማል፣ ለዛሬው ግን ፈቃድዎን ስላልተጠየቁ አይስማማም እያለ ቀጠለ። ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰምተውት ሲያበቁ፣ «ኧረ ልጄ፣ በሬ ነው። ቀይ በሬ» አሉት። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰይድ ግን አልሳቀም፤ ስማቸውን ጠይቆ ደብተሩ ላይ አሰፈረ።

በላቲን ያልለካው ባለጉዳይ የለም። ወንድማማቾች ርስት ሳይካፈሉ አባታቸው በተዋት መልክ ለዘመናት ሲጨቃጨቁባት፣ ስታተስ ኩዎ አላቸው፤ ያለው እንዳለ ይቆይ ማለት ነው፣ እንግሊዝ ደግሞ ለውጥ የሚፈራ ሰው ሲያጋጥመው ይህን ቃል ያነሣበታል አለ። ለአንድ ሠርግ ብቻ የተሰፋ ድንኳን አይቶ አድ ሆክ፣ ለዚህ ብቻ፣ ብሎ መዘገበው። ትዕግሥቴ አልቆ ዛሬ በዚህ ጠረጴዛ ላቲን አይነገርም ብዬ የማልኩ ቀን ደስ ብሎት ደብተሩን ገለጠና፣ ቬቶ በሚለው ቃል ትይዩ የእኔን ስም ጻፈ። ሮማዊው እከለክላለሁ ሲል የተናገረው ግሥ ነው፣ እንግሊዝ ግን ዕቃ አድርጎታል፣ ቬቶ አለኝ ይላል፤ አንተም እንደዚያው አለህ አለኝ።

በግዕዝ ልረታው ሞክሬያለሁ። እኛም የሞተ ቋንቋ አለን፣ ለአንተ ላቲን ምንህ ነው አልኩት። ይህን ስል ክርክሩን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። «ታዲያ አንተ ‹ወዘተ› ብለህ ስትጽፍ ቃሉ ምን እንደሆነ አስበህ ታውቃለህ፣ መሪጌታ?» አለኝ። መሪጌታ አልነበርኩም፤ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ የሚጠራኝ ነው። ወዘተርፈ ነው፣ የቀረውም ማለት ነው አልኩት። እንግሊዞችም ኤት ሴቴራ ይላሉ፣ እሱም የቀረውም ማለት ነው አለኝና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ጻፋቸው። ቀኑን ሙሉ ፊቱ እንደ በራ ዋለ።

ሥጋቴ ከባለጉዳዮች ይልቅ ከሹሞቹ ነበር። አቤቱታ የሚቀበለው ጣሊያናዊ ካፒቴን አንድ ቀን ጠራንና፣ ይህ ሰው ለምንድነው በጣሊያንኛው ውስጥ የላቲን ቃል በእንግሊዝ አገባብ የሚሰነቅርብኝ አለ፤ ላቲን የአያቶቼ ቋንቋ ነው፣ ትርጉሙን ከእናንተ አልማርም። እኔ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ሰይድ ቆቡን ገፋ። ጌታዬ፣ ቤቱ የአያትዎ ነው፣ ዛሬ የሚኖርበት ግን እንግሊዝ ነው፣ ግድግዳውንም አንዳንድ ቦታ አፍርሶ ሠርቶታል አለው። ደግነቱ ካፒቴኑ ያን ቀን ቀልድ ላይ ነበር፤ ሳቀና አሰናበተን። መንገድ ላይ እየጮህኩ፣ ይህ ደብተር አንድ ቀን ያሰቅልሃል፣ እኔንም አብሮ ያሰቅለኛል አልኩት። ሰይድ የሚያስበው ስለ ሌላ ነበር፤ ካፒቴኑ ሲስቅ ጥርሱ ምን ያህል እንደሚያምር ነገረኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ሁለቱንም ነበር።

ልቡ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ። ወባ ጥሎኝ ሁለት ሳምንት ስተኛ አንድም ቀን አልቀረም፤ ከሚስቱ እጅ ሾርባ ይዞ ይመጣል፣ ትራሴን ያቃናል፣ ከሾርባው ጋር ሦስት ሦስት ቃል ያጠጣኛል። በትኩሳት እየተቃጠልኩ ሰው ስለ ሮማ ሲያወራልኝ የተሰማኝን ለጠላቴም አልመኝ። ብቻዬን የምኖር ሰው ነበርኩ፤ ከእሱ በቀር በሬን ያንኳኳ አልነበረም።

ሳልነግረው የኖርኩትን ነገር ወደ ወለደው ሰኞ ልምጣ። ከአዲስ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ሰኞ ነበር። ገበያው ሰው ለሰው ይጋፋል። ጠዋት በመጀመሪያ የደረሰን ሑሴን የሚባል የቢስቲማ ገበሬ ነው፤ ወታደሮች ጭነት ሊያጓጉዙባት በቅሎውን ወስደውበታል። እኔ እንደ ልማዳችን፣ ሁለት በቅሎ ብለህ አመልክት አልኩት። አቤቱታ ሲጻፍ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሹሙ ከጠየቅከው ላይ ግማሹን ስለሚያነሣ፣ ሰው የጠፋበትን አብዝቶ ይጽፋል፤ የማያበዛውን እንደ ሞኝ እንቆጥረዋለን። ሑሴን ግን እምቢ አለ። «ወላሂ አንድ ናት። አንዲቷን ሁለት ብዬ ብወስዳት ሐራም ትሆንብኛለች» አለ።

ሰይድ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ቦና ፋይዲ የሚለው ቃል ለዓመታት ባለቤት አጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ በቅን ልቡና ማለት ነው፣ እንግሊዞች ደግሞ ዛሬ እውነተኛ፣ ያልተቀላቀለ ነገር ለማለት ይሉታል። ወሎን ሙሉ ስፈልገው የነበረ ሰው አገኘሁ እያለ ሑሴንን ከጠዋት እስከ ዙሁር ሶላት ይዞት ዋለ። ስለ በቅሎዋ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ሐራምና ሐላል እየጠየቀ በዚያ በተረገመ አራተኛ ዓምድ ላይ ሞነጨረ። የሑሴን አውራ ጣት በቀለም ተነክሮ ለአቤቱታው ሲፈርም፣ ደብተሩም ላይ አንድ ጊዜ እንዲያሳርፍለት ለመነው።

በመጨረሻ ጣሊያንኛውን ሊጨርስ ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀን የእኔ ድርሻ ነው። ሳላስብ እንደ ወትሮው ቆጥሬ ነገርኩት። ብዕሩን ግንባሩ ላይ መታ መታ አደረገና፣ ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት አልነበረችም ወይ አለኝ። ያለፈው ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፣ አዲሱ ዓመትም በፈረንጆቹ ቆጠራ አንድ ቀን ይገፋል። ይህን የማያውቅ የዲቁና ተማሪ የለም። እኔ ግን ረስቼዋለሁ፤ ስድስቷን ጳጉሜን ራሴ በጸበል ያሳለፍኳት ሰው። ከዚያ ይልቅ የቆረቆረኝ አንድ የሸህ ልጅ ባሕረ ሐሳብ ሊያስተምረኝ መነሣቱ ነው። ቀኑን ለእኔ ተው፣ አንተ ላቲንህን ጠብቅ አልኩት። በሰው ፊት ነው ያልኩት። እሱም አቤቱታው ላይ እኔ ያልኩትን ቀን ጻፈ። መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ የሚቀበለው ረቡዕ ስለነበር ሑሴን ወረቀቱን ረቡዕ አስገባው።

ለካ በዚያው ሰኞ ጠዋት ከኮምቦልቻ በታች የስልክ ሽቦ ተቆርጧል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሑሴን ሚስት ዘሐራ ወደ ጠረጴዛችን መጣች። ዱካው ላይ አልቀመጥም ብላ ቆማ ነገረችን። ሑሴን ስለ በቅሎው መልስ ሊጠይቅ ኮምቦልቻ ወርዶ ሳለ፣ ሽቦውን ሲቆርጥ ያየነው ይህን የሚመስል ነው ብለው ያዙት። እኔ በዚያ ሰዓት ደሴ አቤቱታ ሳስጽፍ ነበርኩ ቢል ወረቀቱን አስመጥተው አዩት። ወረቀቱ የአንድ ቀን ልዩነት አለው፤ እሑድ የተጻፈ ይመስላል።

«እናንተ የጻፋችሁት ወረቀት ባሌን ውሸታም አደረገው» አለች ዘሐራ። «ቅዳሜ እንረሽነዋለን ብለውኛል።»

ጣቴን ጠረጴዛው ሥር ደብቄ ቆጠርኩ። ጳጉሜን ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመች። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ለሴትዮዋ ያልኳት፣ እስቲ እናየዋለን ነው። ሰይድ ወደ ፊቴ አላየም፤ ጠረጴዛው ሥር ወዳለው እጄ አየ። ከዚያ ደብተሩን ብብቱ ሥር አደረገና፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ነገ ኮምቦልቻ እንወርዳለን» አላት።

በማግስቱ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ቁልቁለቱን ስንወርድ አፉ አላረፈም። አሊባይ የሚባለውን ቃል አንሥቶ፣ ለሮማውያን ሌላ ቦታ ማለት ብቻ ነበር፣ እንግሊዞች ግን ወንጀሉ ሲፈጸም እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ የሚል ማስረጃ አደረጉት፤ አሁን አሁንማ በሰበብ ቦታም ይጠቀሙበታል እያለ ገደሉን ጨረስነው። ሰው ሊሞት ነው፣ አንተ ስለ ሮማ ታወራለህ ብዬ ጮህኩበት። የምናገርበትን ቃል ሳላጠራ ገብቼ ምን ልበል አለኝ። እኔ በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ስለማመድ ነበር፤ ቀኑን የሳትኩት እኔ ነኝ የሚል። አጭር ነው። ሕፃን ይለዋል።

ያው ካፒቴን ለጉዳዩ ኮምቦልቻ ወርዶ ነበር። እንግሊዝ በዚያው ሰሞን ጦርነት ገብቷል ይባላል፤ ካፒቴኑ መሳቁን ትቷል። ሰይድ ደብተሩን ገለጠለት። ቦና ፋይዲ በሚለው ትይዩ የሑሴን ስም፣ የበቅሎው ነገር፣ ከጠዋት እስከ ዙሁር አብሮን መዋሉ፣ ሰኞ የሚለው ዕለት ከትክክለኛው የፈረንጅ ቀን ጋር፣ ከሥሩም የሑሴን አውራ ጣት። እኔ አቤቱታው ላይ ያስጻፍኩትን ሳይሆን ራሱ የቆጠረውን ነበር የጻፈው። አስተርጓሚው፣ ከአሥመራ የመጣ ክርስቲያን ነው፣ ወሩን በጣቱ ቆጠረና አዎን፣ ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ነበረች፣ ዕለቱ ሰኞ ነው አለ።

ካፒቴኑ አቤቱታውንና ደብተሩን ጎን ለጎን አደረጋቸው። መንግሥት ፊት በቀረበ ወረቀት ላይ የተሳሳተውን ቀን ያወጣው ማነው አለ።

አስተርጓሚው ወደ አማርኛ መለሰው። ጥያቄው አልጠፋኝም። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ አለንጋ ተሰቅሎ አይቼ ነበር የገባሁት፤ ዓይኔ ከዚያ አልነቀል አለኝ።

«እኔ ነኝ» አለ ሰይድ። «ጣሊያንኛው የእጄ ጽሑፍ ነው። እየተጠራጠርኩ ጻፍኩት።»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምናልባት በቅጣት ያልፍ ነበር። ካፒቴኑ ግን ገጾቹን መግለጥ ጀመረ። ገጹ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ የሰው ስም፣ የመንደር ስም፣ ቀን፣ ከፊቱ ደግሞ አንድ እንግዳ ቃል። ይህን ለማነው የምትልከው አለው። ብልህ ሰው ቢሆን ዝም ይላል፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሰይድ ግን ቆቡን ገፋ። ቃል በቃል ሊያስረዳው ተነሣ፤ ከስታተስ ኩዎ ጀመረ። እኔ ከኋላው ቆሜ በልቤ፣ በፈጠረህ ዝም በል፣ በአላህህ ዝም በል እላለሁ። ሦስተኛው ቃል ላይ ወታደር ጠርተው ወሰዱት። ያን ዕለት ከሑሴን ጋር አንድ ክፍል አስገቧቸው፤ ጠዋት ሑሴን ወጣ፣ ሰይድ ቀረ።

ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ሙቀቱ ሰው ወደሚጨርስበት እስር ቤት ላኩት። የተመለሰው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። በረንዳው ላይ ብቅ ሲል አላወቅኩትም፤ አጥንቱ ቀርቷል፣ ጥርሶቹ ረግፈዋል። ተነሥቼ አቀፍኩት፣ አለቀስኩ። የተለማመድኩት ዐረፍተ ነገር አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ንጹሕ ደብተር እንዳለኝ ጠየቀኝ፤ ጣሊያኖቹ ያቃጠሉበትን ደብተር ከትውስታው እየጻፈ ሊመልሰው ነው። ቀጥሎ፣ ስታተስ ኩዎ ላይ የነበሩት ወንድማማቾች የማን ልጆች ነበሩ አለኝ። ደሜ ፈላ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው እስር ታስሮ መጥቶ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። የወንድማማቾቹን አባት ስም ነገርኩት፤ የእኔን ነገር ለነገ አሳደርኩት።

ነገ ነገን ወለደ። አብረን ሃያ ዓመት ሠራን። የከፋው ግን እኔ ዝም ማለቴ ብቻ አይደለም። ሰይድ በሌለበት ወሬው አገር አዳርሷል፤ ላቲኑ ቀን ስቶ የሰው ነፍስ ሊያጠፋ ነበር ተብሏል። ባለጉዳዮች ከእኔ ጎን ዱካው ላይ ተቀምጠው፣ እሱ እየሰማ፣ «ቀኑን እንኳ መሪጌታ ያውጡት፤ አያ ሰይድ እንዳይነኩት» ይላሉ። እኔም አወጣዋለሁ። ሰይድ እስክነግረው ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። እየጠበቀ ያየኛል። ሊወጋኝ ነው የሚያየኝ እያልኩ እበግን ነበር፤ አንዳንዴም ምን ታያለህ ብዬ እቆጣዋለሁ። ፈገግ ይልና የቀሩትን አንድ ሁለት ጥርስ ያሳየኛል። አንድ ቀን እንኳ፣ አንዲት ቃል እንኳ፣ ስለዚያ ቀን አላነሣም። በበሬ ነገር ሰውን ግማሽ ቀን የሚያነታርክ ሰው በዚህ ነገር ጸጥ አለ።

ለቅሶ የደረስኩት በሁለተኛው ቀን ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ቁርኣን ተቀርቶ አብቅቶ፣ ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ስለ ሰይድ ይጨዋወታሉ። ሑሴን ከቢስቲማ መጥቶ ጥጉን ይዟል፤ ጺሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። አንዱ ጎልማሳ በደግ ልቡ፣ ሰይድ ነፍሱን ይማረውና በዚያች በቀን ስሕተቱ አያ ሑሴንን ለጥቂት አስጨርሷቸው ነበር እኮ አለ። ሰዎቹ በሐዘን መሐል ትንሽ ሳቁ። ሰይድ ከዚህ በኋላ መልስ እንደማይሰጥ ያን ጊዜ ገና ገባኝ። አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ቀኑን የሳተው ሰይድ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። እሱ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ካፒቴኑ ሲጠይቅም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

እርግማኑን ልቀበል ወደ ሑሴን ዞርኩ። ሑሴን መቁጠሪያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ያን ዕለት አንድ ክፍል ሲያሳድሩን ነግሮኛል። ‹ካንተ አፍ እንዳይወጣ፤ ራሱ ይለዋል፤ ኩሩ ነው እንጂ ክፉ አይደለም› ብሎ አስማለኝ። ከእስር ከተመለሰ ወዲህ ደሴ በወጣሁ ቁጥር እጠይቀው ነበር፣ ነገረህ ወይ ብዬ። ገና ነው ይለኛል።»

ዘንድሮም ጠይቆት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

«በረመዳን ጠየቅኩት» አለ ሑሴን። «ገና ነው አለኝ። ‹ግን ሰሞኑን ሊል ሊል ሲል አያለሁ፤ ተወው፣ አታስቸኩለው› አለኝ።»